ነዳጅ የማትጠጣዋ መኪና

ከእናንተ መሃል መኪና ልግዛ ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ቁጭ ይበልና ይስማኝ። እኔ ስለ መኪና ብዙ አውቃለሁ። ሲመጣ መሸሽ እንደሚገባ አውቃለሁ። ሻጩ የሚናገረውን በግማሽ ጆሮ፣ ደላላው የሚናገረውን በጭራሽ መስማት እንደማይገባ አውቃለሁ። የትኛዋ ቤንዚን እንደምትጠጣ፣ የትኛዋ እንደምትቀምስ ከድምፅዋ ለይቼ ልነግራችሁ እችላለሁ። የማላውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱኑ ባለማወቄ ነው ይሄን ሁሉ የማወራው።

ትምህርት ቤት ልጅ ላደርስ በሩ ላይ ቆሜ እንደሁ እንጂ ገብቼ አላውቅም። ፊደሉንም ከልጆቼ ደብተር ላይ በዓይኔ የለቃቀምኩት ነው፤ ስለዚህ አንዱን ጀምሬ ወደ ሌላው ብሻገር ታገሱኝ። ከወሎ ተድሬ መቀሌ ከገባሁ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነልኝም። የታመመ ልጠይቅ፣ ለቅሶ ልድረስ፣ የወለደች ልይ እያልኩ ስዞር ውዬ ስዞር እገባለሁ። ድሮ አንድ ሰው መጥቶ "አደይ ዛሬ የት ናት?" ሲል ጎረቤት "እግሯ ወዳደረሳት" ብሎ ይመልስለት ነበር። አደይ የሚሉኝ እናቴ ለማለት ነው፣ ሽማግሌውን አቦይ፣ አባቴ እንደሚሉት፤ እዚህ አገር ጸጉሯ የሸበተች ሴት የሁሉ እናት ናት። አሁን ግን "እግሯ ወዳደረሳት" የሚል ሰው ጠፍቷል። ለምን እንደጠፋ ልንገራችሁ።

ጀማል የልጄ ልጅ ነው። ልጄ ታማ ቀድማኝ ስለሄደች እሱንም እህቱን ሰዓዳንም ያሳደግሁ እኔ ነኝ። ከጦርነቱ በፊት ከሓወልቲ ዓይደር የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። በደጃችን ሲያልፍ ጥሩምባውን ካልነፋልኝ ማታ ራት የምሰጠው ተቆጥቼ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጥቶ ወሰደው። ሲመልሰው ግራ እግሩን ከጉልበቱ በላይ አስቀርቶ መለሰልኝ።

የመጣ ዕለት ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር። ግድግዳ የምንጋራቸው አቦይ ሓጎስ መጡ። አቦይ ሓጎስ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ከጀማል ጋር ወጥቶ እንደወጣ ቀረ። ጀማልን አቅፈው፣ አንገቱን ስመው፣ ትከሻውን ዳብሰው ቆሙ። እኔ "ወይኔ እግሩ!" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ዓይናቸውን አየሁና መልሼ ዘጋሁት። ልጁ ለቀረበት ሰው ፊት ስለ እግር ይለቀሳል?

ያን ዕለት የዘጋሁት አፍ እንደተዘጋ ቀረ። እኔን አይታ ሰዓዳ ዘጋች፤ ሰዓዳን አይቶ ሰፈሩ ዘጋ። ከዚያ በኋላ በእኛ ቤት እግር የሚባል ነገር በሰውም ላይ፣ በእቃም ላይ የለም። አንዲት ወንበራችን አንድ እግሯ ተሰብሮ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች፤ እንግዳ ሊቀመጥባት ሲል "እሷን ተዋት፣ አሟታል" እንላለን። ጀማል የሚያየው ጨዋታ "ኳስ" ብቻ ሆነ። ሐኪም ቤት የሰጡት ሰው ሠራሽ እግር አልመችህ ስላለው ከበሩ ኋላ ቆሟል፤ እኔ ነጠላ አልብሼዋለሁ፣ ስናልፍም እንደ ባዳ እንግዳ ሰላም ሳንለው እናልፈዋለን። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤት "እግር ጥሎኝ ጎራ አልኩ" ብላ ገባች። ሰዓዳ ወሬውን ለመሸፈን ሳለች። ሴትዮዋ "እግረ መንገዴን" ስትል ሰዓዳ አብዝታ ሳለች። በማግስቱ ሴትዮዋ ለሳል የሚሆን ጦስኝ ይዛ መጣች፤ በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰዓዳ ሳንባዋን ታማለች ብሎ መጠየቅ ጀመረ። መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ! ዓይደር ሆስፒታል አጠገብ ቆማ ለከተማው ሁሉ መድኃኒት የምትሰጥ!

ጀማል ይሄን ሁሉ ይሰማል። ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ፀሐይ ያለበት ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ስልኩን ያያል። በስልክ የሚጠሩት ታክሲ መጥቷል አይደል፤ እሱን ነው የሚያየው። አንዴ ዓይኔን አስጠግቼ ሳይ፣ ከተማችን እንደ መሶብ ልብስ ተዘርግታ፣ ላይዋ ላይ ጉንዳን የሚያካክሉ መኪኖች ይሄዳሉ።

"ይሄኛው ከሓወልቲ ሰው ጭኖ ወደ ዓይደር ሊወጣ ነው" ይለኛል። "አሁን በዚህ በኩል ቢገባ ኖሮ ያመልጥ ነበር። ደነዝ።"

ከግቢው በር ሳይወጣ እንዲህ ጉንዳኖቹን ሲነዳ ከረመ። አንድ ጠዋት ታዲያ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና "ሥራ ልጀምር ነው" አለ። እኔ የያዝኩትን ማንቆርቆሪያ ጣልኩት።

"መኪና ፈልጉልኝ። ከአቅማችን አትለፍ፤ ደግሞ ነዳጅ የማትጠጣ ትሁን። ነዳጅ ከጠጣች ለእሷ ነው የምሠራው።" ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ "የቀረውን ሁኔታዬን ታውቃላችሁ" አለ።

እኔም፣ ሰዓዳም፣ በግድግዳው ላይ አንገታቸውን ያሰገጉት አቦይ ሓጎስም ራሳችንን ነቀነቅን። እናውቃለን። ሁኔታውን የማያውቅ ማን አለ? ስለማናወራው ነው እንጂ።

እሱ ራሱ ወጥቶ አይመርጥም፤ የመኪና ተራ መሃል በክራንች ቆሞ ሰው እንዲያየው አይፈልግም። ስለዚህ እኛ ሦስታችን መኪና መራጭ ሆንን። የእኔ የእጅ ወርቅ፣ ሰዓዳ ያጠራቀመችው፣ አጎታቸው የላከው፣ ሁሉም አንድ ላይ ተቋጠረ። ሁለተኛ የሚቋጠር የለም። ይቺ መኪና ካልሆነች ጀማል ወደ ግድግዳው ይመለሳል፤ ይሄን ሦስታችንም አውቀን፣ ይሄንንም ሳንነጋገር ወጣን።

ደላላችን ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮው የሚያናግር ተስፋይ የሚባል ሰው ነው። መጀመሪያ ያመጣልን ረጅም ነጭ መኪና ነበር።

"አደይ፣ ይቺ ቤንዚን አትጠጣም፣ ታሸታለች ብቻ!"

"እስቲ ስታሸት እንያት" አሉ አቦይ ሓጎስ።

አቦይ ሓጎስ የራሳቸው መፈተኛ አላቸው። ታንከሩ አፉ ድረስ ይሞላል፤ ከከተማው ወጥቶ በዳገቱ ወደ ቁሓ ይኬዳል፤ ተመልሶ እንደገና አፉ ድረስ ይሞላል። የጎደለውን መሙያ ስንት ጠርሙስ እንደፈጀ አይቶ መፍረድ ነው። ማደያው ሲደርቅ ቤንዚን በመንገድ ዳር በውሃ ፕላስቲክ ይሸጣልና መሙያውን ጠርሙስ ይዘን መሄድ ነበረብን። ጠርሙስ ያዥ እኔ ሆንኩ። ኋላ ወንበር ላይ፣ በዘምቢል ውስጥ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው እሄዳለሁ።

ነጯ መኪና ከቁሓ ተመልሳ ያቀፍኩትን ሁሉ ባስረክባትም አልሞላ አለች። ስንመለስ በቁልቁለቱ እንኳ የምትጠጣ ይመስለኝ ነበር። ተስፋይ "አየሩ ነው" አለ።

ሁለተኛዋ አረንጓዴ ናት። ባለቤቷ ራሱ ነዳልን። ወደ ቁሓ ስንወጣ እንደማንኛዋም ናት፤ ስንመለስ ግን ዝም አለች። እንዴት ያለች ጨዋ መኪና ናት፣ ድምፅ እንኳ የላትም ብዬ ሳመሰግናት አቦይ ሓጎስ ከፊት ወንበር ጮኹ።

"ኣንታ! ሞተሩን አጥፍተኸዋል እንዴ?"

"ትንሽ ላሳርፋት ብዬ ነው አባቴ።"

"ፍሬን የሚይዝልህ ማን ሆኖ ነው? ሓብተይ ወደዚያ ኋላ ያዢ!"

ሓብተይ፣ እህቴ፣ የሚሉት እኔን ነው፤ ምን እንደምይዝ አላወቅሁምና ጠርሙሴን ያዝኩ። ባለመኪናው ለካ ቁልቁለት ባየ ቁጥር ሞተር እያጠፋ ነው ነዳጅ ቆጣቢ ያሰኛት። ቢስሚላህ ስል፣ አቦይ ሓጎስ ኪዳነ ምሕረትን ሲጠሩ፣ ሰዓዳ ሁለቱንም ስታስተናግድ ሜዳው ላይ አረፍን። ጠርሙሱ ግን ተከፍቶ ቀሚሴ ላይ ፈሶ ነበር።

የቤንዚን ሽታ በሳሙና እንደማይለቅ ታውቃላችሁ? መስጊድ ስሄድ ሴቶቹ ከኔ ፈቀቅ ብለው ይሰግዳሉ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ የባጃጅ ልጆች በራችንን ማንኳኳት ጀመሩ።

"አደይ፣ አለሽ?"

"አለሁ፣ ምን ነበር?"

አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቤንዚን" ይላል።

የለኝም ብል አያምነኝም። "ለሰው አልናገርም፣ እናቴ ትሙት" ይለኛል። በስተርጅና ጥቁር ገበያ ከፈትሽ እያለ የሚስቅብኝ ጀማል ነበር። ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነውና ቀሚሴን ሳላጥበው ትንሽ ቀን ለበስኩት።

ሦስተኛዋ ተገኘች። ትንሽዬ፣ ሰማያዊ፣ የአንዲት አስተማሪ። ንጹሕ ናት፤ ወንበሯ ላይ የዳንቴል ልብስ ሁሉ አለባት። ወደ ቁሓ ወጣን፣ ተመለስን፣ ሞላን። ያቀፍኩት ጠርሙስ የጎደለ አይመስልም። አቦይ ሓጎስ አላመኑም፤ እንደገና አስወጧት። ያው ናት። እኔ በደስታ ኮፈኗን ሳምኳት። ትኩስ ነበር፤ ከንፈሬን ለበለበኝ።

አሁን ሳስበው፣ እዚያ ቦታ ሁሉም አንድ አንድ ነገር ብሎ ነበር።

ተስፋይ "ማን ነው የሚነዳት?" ብሎ ጠየቀ። ሦስታችንም አቀረቀርን። "አንድ ጎበዝ ሹፌር ነው" አሉ አቦይ ሓጎስ። ከዚያ ወደ መኪናዋ ወለል ጎንበስ ብለው ብዙ ጊዜ አዩ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ።

"ሓብተይ" አሉኝ፣ "ይቺ መኪና ለሹፌሩ ሥራ አታበዛበትም ትያለሽ?"

"ይብዛለት! ሥራ አይደል የጠማው" አልኩ።

ሰዓዳም እጄን ያዝ አድርጋ "አደይ፣ ጀማል ራሱ መጥቶ ቢያያትስ?" አለችኝ።

"ይሄ ሁሉ ሰው መሃል ልታቆሚው ነው?"

ዝም አለች። አቦይ ሓጎስም ዝም አሉ። እኔ ዝምታውን የደስታ ዝምታ አደረግሁት። ተጨባበጥን፤ ተፈረመ፤ የተቋጠረው ተፈታ።

ሰማያዊዋን አቦይ ሓጎስ ነድተው በራችን ላይ ሲያቆሟት ጥሩምባውን አስነፋኋቸው። ጎረቤት እልል አለ። ጀማል የመጣ ለት ያላልነውን እልልታ ለመኪና አልነው። ጀማል ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ በክራንቹ ወጣ። ከግቢው በር ወጣ ነው የምላችሁ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። በሩን ከፈተ፣ ክራንቹን ወደ ውስጥ ወርወር አደረገ፣ ተቀመጠ፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ፊቱ የድሮው የሚኒባስ ሹፌር ፊት ሆነ። ከዚያ ወደ ታች አየ።

"ሦስት ነው" አለ።

እልልታው መሃል ላይ ቆመ።

"ምኑ ነው ሦስት?" አልኩ እኔ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

"አቦይ ሓጎስ፣ እርስዎ አላዩትም?" አለ ጀማል።

"አይቼዋለሁ ወደይ፣ ልጄ።"

"ታዲያ ምነው?"

"እንዴት ብዬ ልበል?" አቦይ ሓጎስ ኮፍያቸውን በእጃቸው ጠመዘዙት። "በደላላ ፊት፣ በአደይ ፊት? ሰዓዳ ልትነዳት ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ።"

"እኔ?" አለች ሰዓዳ። "እኔ ብስክሌት እንኳ አልችልም! እኔማ አቦይ ሓጎስ ዝም ካሉ አንድ መላ ቢኖራቸው ነው ብዬ…"

ጀማል ወደ እኔ ዞረ። ያልተቆጣ ድምፅ ነበረው፤ ቢቆጣኝ በስንት ጣሙ።

"አደይ፣ ነይ እስቲ ጎንበስ በይ። ይሄ ቤንዚን መስጫው ነው፤ በቀኝ እግር ነው። ይሄ ፍሬኑ ነው፤ እሱም በቀኝ እግር ነው። ይሄኛው ፍሪሲዮን ይባላል። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ይረገጣል። በግራ እግር። ይሄ የሌላቸው መኪኖች አሉ፣ አውቶማቲክ የሚባሉ። ለኔ የምትሆነኝ እንደዚያ ያለች ነበረች።"

እግር ባለ ቁጥር ጎረቤቱን ዞሬ አየሁ። ሰዓዳ ልትስል ጀመረችና ተወችው።

"ምነው አስቀድመህ አትነግረኝም ልጄ?"

"ሁኔታዬን ታውቃላችሁ አልኩ እኮ።"

"አውቃለሁ! እንዴት አላውቅም!"

"ታውቂያለሽ?" አለኝ። "ከመጣሁ ጀምሮ እግርህን ያምሃል ወይ ያለኝ ሰው የለም። ወንበሯን እንኳ አሟታል ትሏታላችሁ።"

"ያምሃል?" አልኩት።

"ያመኛል። ያለው አይደለም፣ የሌለው ነው። ጣቶቹ ተጣጥፈው የቀሩ ይመስለኛል። ልዘረጋቸው እፈልጋለሁ፣ የምዘረጋው ነገር የለም።"

ለከተማው ሁሉ የሕመም ማስታገሻ ስትሰጥ የምትውለው ሰዓዳ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ወደ ግቢ ገባች። አቦይ ሓጎስ አልሄዱም። ወደ መኪናዋ ቀርበው እጃቸውን ጣሪያዋ ላይ አድርገው ቆሙ፤ ልጃቸው የቀረባቸው ሰው፣ በኔ ልጅ እግር ሲያለቅሱ አየኋቸው። እኔ ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የከለከልኳቸው ነገር ይሄ ኖሯል።

ጀማል ለቅሶውን አይቶ ይመስለኛል፣ ድንገት "አደይ፣ ግቢ" አለኝ።

"የት?"

"እዚህ ጎኔ። ዛሬ ረዳቴ ነሽ።"

ገባሁ። ክራንቹን በግራ እጁ ያዘና ጫፉን ሦስተኛው ፔዳል ላይ አደረገው። መሪውን በቀኝ እጁ ያዘ። ማርሹን ለኔ ሰጠኝ።

"ስልሽ ወደ ላይ ትገፊዋለሽ። ስልሽ ወደ ታች ትስቢዋለሽ። ሳልልሽ አትንኪ።"

"ብትሰበርስ?"

"የኛው ናት።"

ክራንቹን ገፋ። "ወደ ላይ!" አለኝ። ቢስሚላህ ብዬ ገፋሁ። መኪናዋ እንደ ፍየል ዘለለች፣ አስነጠሰች፣ ከዚያ ሄደች! ወላሂ ሄደች። አቦይ ሓጎስ ከኋላ እየሮጡ "ቀስ! ቀስ!" ይላሉ። ጀማል "ወደ ታች!" ሲል ሳብኩ። ፈጠነች። የጎረቤት ግድግዳ በጎኔ ሲያልፍ፣ ያ የመኪና ነገር ልቤ ገባና አንገቴን በመስኮት አውጥቼ እንደ ረዳት "ዓይደር! ዓይደር! አንድ ሰው!" ብዬ ተጣራሁ። ጀማል እየሳቀ ዓይኑ እንባ ሞላ። እንዲህ ሆኖ ከሰፈራችን ጥግ እስከ መስጊዱ ማዞሪያ ደረስን።

ማዞሪያው ላይ ማዞር ያስፈልጋል፤ ለማዞር ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ አንደኛው እጅ ደግሞ ክራንቹን ይዟል። ሰማያዊዋ መንገዱ መሃል ቀጥ አለችና ሞተሯ ጠፋ። ከኋላችን ባጃጅ ተደረደረ።

"ኣንታ! መንጃ ፈቃድህን በዶሮ ነው የቀየርከው?" አለ አንዱ፣ አንገቱን አውጥቶ። "ከነአያትህ ሂድ ወደዚያ!"

ጀማል ፊቱ በራ። "ያንተ ባጃጅ ቀንዱ የት አለ? በሬ መስሎኝ ነበር!" ብሎ መለሰለት። የድሮው ጀማል! ስድቡ እንደ ማር ጣፈጠው።

ልጁ ሊመልስ ወርዶ መጣ። በመስኮቱ ሲያይ ክራንቹን አየ፤ ባዶውን ሱሪ አየ። አፉ ተዘጋ። "ይቅርታ ወንድሜ" አለ፣ "አላወቅሁም፣ ይቅርታ።" ወደ ጓደኞቹ ምልክት ሰጠ፤ ሁሉም ወርደው ዝም ብለው፣ እንደ ቀብር ቀስ ብለው መኪናችንን መግፋት ጀመሩ።

"ስደበኝ እንጂ!" አለ ጀማል። "ምነው ተውክ? ስደበኝ!"

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ገፋ።

በዚያች መኪና ሥራ እንደማይሠራ እዚያው አወቅን። በማግስቱ እኔና ሰዓዳ ወደ ተስፋይ ሄድን። አንድ ካፌ በር ላይ፣ በሰው መሃል፣ ሁለቱንም ስልኮች ዘጋቸው።

"አንድ እግር ነው ያለው? ምነው ታዲያ አትነግሩኝም! እኔ እኮ ማን ይነዳታል ብዬ ጠይቄያለሁ!"

እንዲህ በቀላሉ ይባላል ለካ። አንድ እግር ነው ያለው። ሰማዩ አልተናደም፤ አስተናጋጇ እንኳ ዞር ብላ አላየችም።

ሰማያዊዋን ተስፋይ አሻጠልንና በገንዘቧ ፍለጋ ገባን፤ ነዳጅ ቆጣቢም አውቶማቲክም የሆነች አቅማችን አልደረሰባትም። አቅማችን የደረሰባት አንዲት ያረጀች፣ ሆዷ ሰፊ፣ ግራጫ ናት። ሁለት ፔዳል ብቻ አላት፤ እኔ ራሴ ጎንበስ ብዬ ቆጠርኳቸው፣ በእጄም ነካኋቸው። አቦይ ሓጎስ ወደ ቁሓ ሊያስወጧት ሲሉ "ተዉት፣ መልሱን አውቀዋለሁ" አልኳቸው። እንደ ግመል ነው የምትጠጣው። ያ ሁሉ ፈተና፣ ያ ሁሉ ጠርሙስ፣ ያ ሁሉ የቀሚሴ ሽታ ነዳጅ ከምትጠጣ ለመሸሽ ነበር፤ ዞረን ዞረን የከተማውን ዋና ጠጪ ይዘን ገባን።

ጀማል አሁን ሥራ ላይ ነው። ሥራው ግን አብዛኛው ሰልፍ ነው። ማደያው ቤንዚን መጣ ሲባል ይሰለፋል፤ ሰልፉ ማለቂያ የለውም። እኔም ለቅሶና ጥየቃዬን ስጨርስ ወደዚያው እሄዳለሁ። አሁን "አደይ የት ናት?" ሲባል "ማደያ" ይባላል።

ባለፈው እንደዚያው ሆነን ቆመናል። ፀሐይ ስለነበር በሩን ከፍቶ ተቀምጧል፤ እኔ ከበሩ አጠገብ ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጫለሁ። ስልኩ ጮኸ፤ ዓይደር ያለ ሰው እየጠራው ነው።

"አትሄድም?"

"በምን ልሂድ? ወረፋዬስ?" ዘጋው።

ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጮኸ፤ እሱንም ዘጋው። ስልኩ ላይ ያቺን እንደ ጉንዳን የቆመችውን የራሱን መኪና አየሁ። ባዶው ሱሪው ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ፊቱን አጨማደደ፤ ጥርሱን ነከሰ። ድሮ ቢሆን ወደ ሌላ አይ ነበር።

"እግርህ ነው?" አልኩት።

"እወ፣ እሱ ነው።"

"የግራው?"

"የግራው።"

እጄን ሰደድኩ። ሱሪው ካለቀበት በታች ምንም የለም፤ አየር ነው፣ ከዚያ የመኪናዋ ወለል። ያም ሆኖ እጄን እዚያ አደረግሁት።

"እዚህ ጋ ነው?"

"ዝቅ በይ።"

ዝቅ አልኩ።

"ትንሽ ወደ ውጭ። እዚያ ጋ። ጣቶቹ።"

ከኋላችን ያለው ሹፌር አንገቱን አውጥቶ ያየኛል። ይይ። ምንም የሌለበትን ቦታ በሁለት እጄ ይዤ፣ ሕፃን ሳለ እንደማደርገው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋኋቸው። ጀማል ራሱን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

ከፊታችን ያለው መኪና ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ።

"ቆይ" አልኳቸው፣ "ትንሿ ጣት ብቻ ቀርታኛለች።"